ሮም ለሚሄድ ሐበሻ

«ሮም ልሄድ ነው» ያለ ሰው መካሪ አያጣም። ቪዛው ገና ሳይመታለት ግማሹ ሰፈር ምክሩን ይዞ ይመጣል። ከሁሉ የምፈራው ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ የሮም አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ስድስት ሰዓት የተቀመጠውን ነው። ከተማዋን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ሮምን በአንድ ቀን ጨርሰህ ማታውኑ ፍሎረንስ ትገባለህ» ይላል። ጨርሰህ! እንደ አፈ ታሪኩ ሮም የተቆረቆረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ753 ዓመት ነው፤ ራሳቸው ሮማውያን እስከ ዛሬ አልጨረሷትም። ሜትሮ ሊዘረጉ በቆፈሩ ቁጥር ከሥር የጥንት ወታደሮች ሰፈር ብቅ ይልና ሥራው ይቆማል፤ መሐንዲሱ ይወጣል፣ አርኪዮሎጂስቱ ይገባል።

ሁለተኛዋ መካሪ እዚያው ሠላሳ ዓመት የኖረችው ናት። እሷ ደግሞ ኮሎሲየም ገብታ አታውቅም። «ምን አለውና? ድንጋይ ነው» ትላለች። አትፍረዱባት። ሰው ቤት እያደረች ስትሠራ ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሁድ ብቻ ነበር። በእነዚያ ሰዓታት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካገሯ ልጆች ጋር ተገናኝታ ቡና ትጠጣለች፣ ወሬ ትሰማለች፣ ለእናቷ ገንዘብ ትልካለች፤ ለግላዲያተር የሚተርፍ ጊዜ አልነበራትም። ቢሆንም ከሁለቱ እሷን ስሙ። የትኛው አውቶብስ ላይ ቦርሳ በደረት እንደሚታቀፍ፣ የትኛው ካፌ ከቆመ ሰውና ከተቀመጠ ሰው የተለያየ ሂሳብ እንደሚቀበል የምታውቀው እሷ ናት። ድንጋዩን ማንም ያሳያችኋል።

የእኔ ምክር ከሁለቱም አጠር ይላል፦ ግማሹን ተዉት። ሮም ውስጥ ከ900 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ ይባላል። ሁሉን ልይ ያለ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖበት፣ በሦስተኛው ቀን እግሩን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚያለቅስ ሰው ነው የሚሆነው። የሚቀረው ጥያቄ የትኛውን ግማሽ እንተው የሚለው ነው።

ስለ ቪዛው ብዙ አልልም። የሸንገን ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሏችሁም ገንዘቡ አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የባንክ ሂሳብ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የሆቴል ማረጋገጫ... አንድ ሰው ወደ አገሩ እንደሚመለስ ለማስረዳት የሚጠየቀው ወረቀት ከመብዛቱ የተነሳ፣ ጭራሽ ያላሰበውን አለመመለስ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ሻንጣው ላይ ግን እንቆይ። ሐበሻ ሻንጣ የሚያዘጋጀው ለራሱ አይደለም። ለራሱ ሁለት ሸሚዝና አንድ ሱሪ ይበቃዋል፤ የቀረው የአክስት ልጅ በርበሬ፣ የጎረቤት ልጅ ሽሮ፣ ስሟን ሰምታችሁ የማታውቋት አራስ ገንፎ ነው። ይሄ ሁሉ ደግ ነው። ችግሩ ከመሀል አንዲት እናት «ይቺን ብቻ» ብለው የሚያቀብሏችሁ ጣሳ ላይ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም። ቋንጣ ሥጋ ነው። ቅቤ የወተት ተዋጽኦ ነው። «ተነጥሯል እኮ፣ ኮረሪማ አለበት» ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ የጉምሩኩ ሰውዬ ኮረሪማውን ሲያሸትት ጭራሽ ወደ ሌላ ክፍል ይወስዳችኋል። ስለዚህ እናትየውን በትሕትና፦ «እማማ፣ ቅቤው ይቅርብኝ፣ በርበሬውን ግን እጥፍ ያድርጉት» በሏቸው። ይቀየማሉ። ለልጃቸው ስልክ ደውለው «እምቢ አለኝ» ማለታቸውም አይቀርም። ከጉምሩክ ግን እሳቸው ይሻላሉ።

ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ስትደርሱ ወደ መሀል ከተማ የሚወስድ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባል ባቡር አለ፤ 14 ዩሮ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጅቶ ተርሚኒ ያራግፋችኋል። ታክሲ ከፈለጋችሁ ነጩን ኦፊሴላዊ ታክሲ ያዙ፤ ከአየር ማረፊያው እስከ ጥንቱ የከተማ ቅጥር ውስጥ ድረስ ቋሚ ታሪፍ አለው። መውጫው በር ላይ ጠጋ ብሎ «ታክሲ? ታክሲ?» የሚለውን ሰው ቦሌ ላይ የምታውቁት ነውና በቦሌው ትምህርት እለፉት።

ከተማ ውስጥ የአውቶብስና የሜትሮ ትኬት አንድ ዩሮ ከሃምሳ ሲሆን ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ትኬቱ የሚገዛው «ቲ» የምትል ፊደል ከተሰቀለበት የሲጋራ ሱቅ፣ ወይም ከሜትሮ ጣቢያ ማሽን ነው፤ አሁን አሁን የባንክ ካርድን ማስነካትም ይቻላል። ዋናው ነገር የወረቀቱን ትኬት ገዝቶ ኪስ መክተት እንደ መክፈል አለመቆጠሩ ነው። አውቶብሱ ውስጥ ያለችው ማሽን ካልመታችው ትኬት የላችሁም። ተቆጣጣሪው በወር አንዴም ላይመጣ ይችላል፤ የሚመጣው ግን እናንተ ያላስመታችሁ ቀን ነው። 64 ቁጥር አውቶብስ ደግሞ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን ስለሚሄድ ጎብኚውም ተሳላሚውም ኪስ አውላቂውም ይወደዋል። አውቶብስ ተራ ላደገ ሰው አዲስ ነገር የለውም። ልዩነቱ የሮም ኪስ አውላቂ አለባበሱ ከእናንተ የተሻለ መሆኑ ነው። አርብ ቀን ከሆነ ደግሞ አውቶብሱ ራሱ ላይመጣ ይችላል። የትራንስፖርት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ አርብ መምታት ይወዳሉ፤ ቀኑን አስቀድመው ያሳውቃሉ፣ ጧትና ማታ ለሥራ መግቢያና መውጫ የሚሆኑ ሰዓታትንም ይተዋሉ። እንዲህ ያለ ሰዓት አክባሪ አድማ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ለነገሩ ሮም የእግር ከተማ ናት። እዚህ ላይ የጫማ ነገር ይመጣል። መንገዱ ሳምፒየትሪኒ በሚባሉ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች የተነጠፈ ነው፤ በእኛ አነጋገር ኮብልስቶን። ለዓይን ያማረ ነው። ለተረከዝ ጫማ ግን ርኅራኄ የለውም፤ የሻንጣ ጎማም ይበላል። እህቶቼ፣ ተረከዙን ለሠርግ አቆዩት። ወንድሞቼም ያንን አዲስ ሹል ጫማ ለፎቶ ብላችሁ አታድርጉት። ይህን ስል አንዱ ተነስቶ «አበበ ቢቂላስ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ በዚህች ከተማ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገብቷል፤ ከጥንቱ የአፒያ መንገድ ድንጋይም የተወሰነውን ረግጧል። እናንተ ግን አበበ አይደላችሁም። ላስቲክ ሶል ያለው፣ እግር የለመደው ጫማ አድርጉ።

(ሮም ስለሆንን ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ሰዓቱንም እንደዚያው ልመዱት። «15፡30» የሚል ትኬት ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መሆኑን ለማስላት በሩ ላይ ጣቱን የሚቆጥር የአገሬን ሰው አይቻለሁና። በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው።)

ቡና። እዚህ ላይ ሐበሻ ሁሉ ሊቅ ነው፣ የሚሰናከለውም እዚሁ ነው። ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣ ኤስፕሬሶ ከአንድ ዩሮ ብዙም አይርቅም። ያንኑ ቡና ናቮና አደባባይ ላይ ጠረጴዛ ይዛችሁ ብትጠጡት ሦስት አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የምትከፍሉት ለወንበሩ ነው። በብዙ ቦታ መጀመሪያ ሂሳብ ተቀባዩ ጋ ሄዳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ባንኮኒው ጋ ትመለሳላችሁ። ማኪያቶ ብላችሁ ስታዙ የሚመጣላችሁ ፒያሳ የምታውቁት አይደለም፤ በአንዲት ትንሽ ስኒ ውስጥ የወተት ጠብታ የነካው ቡና ነው፤ ሁለቴ ፉት ስትሉት ያልቃል። ሮማዊ እሱን ጨልጦ፣ ጋዜጣ ርዕስ አይቶ፣ ባለቤቱን ስለ ኳስ ተሳድቦ ለመውጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ካፑቺኖ ከቁርስ በኋላ አይጠጡም፤ ከምሳ በኋላ ካዘዛችሁ ይሰጧችኋል፣ አስተያየታቸው ግን የታመመ ሰው እንደሚያይ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ፣ ፈንዲሻ፣ እጣን፣ የመንደር ወሬ የሚባል ነገር የለም። ቡናን ለዓለም ያበረከተ አገር ልጅ እንዲህ ተጣድፎ ሲጠጡት ቢያይ ቅር ይለዋል። ቅር ይበላችሁ፣ ግን ቆማችሁ ጠጡ።

ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ «ናዞኒ» የሚባሉ የብረት ቦኖዎች አሉ፤ ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ናቸው፣ ቁጥራቸው 2,500 ገደማ ነው። ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ ውኃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፣ ዋጋ የለውም። የቱቦውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ውኃው ላይኛው በኩል ባለች ቀዳዳ ወደ አፋችሁ ይመጣል። ጄሪካን ይዞ ሲሰለፍ ያደገ ሰው መጀመሪያ ሲያያቸው «ኧረ ማን ዝጉ ይበላቸው!» ማለቱ አይቀርም። መዝጊያ የላቸውም።

ምግቡ ላይ በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም ማንም መመሪያ መጽሐፍ ይህን ለሐበሻ ብሎ አይጽፍም። የሮም ስመ ጥር ፓስታዎች አራት ናቸው፦ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጓንቻሌ የሚባል የአሳማ ጉንጭ አለባቸው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በየራሱ ምክንያት የማይነካውን ነገር፣ ቁርጥራጭ ስለሆነና ስለተጠበሰ ብቻ «ሥጋ ብጤ ነው» ብሎ እየጎረሰ ስንቱ ተመልሶ መጥቷል! አስተናጋጁን ጠይቁ። ካቾ ኤ ፔፔ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፤ እሱን እዘዙ። ፆም ከሆነ ማሪናራ ፒዛ አለላችሁ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፣ አይብ የለውም። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ የሚሠራ ፓስታም አለ። ቺኮሪያ የሚሉት በሚጥሚጣ ቢጤ የተጠበሰ ቅጠል ደግሞ ጎመን ለናፈቀው ሰው ነፍስ ነው። ጥንታዊው የአይሁዶች ሰፈር ብትሄዱ ሙሉ አርቲቾክ በዘይት ጠብሰው፣ አበባ አስመስለው ያቀርባሉ፤ እሱም ለፆም ይሆናል።

ሦስት ሆናችሁ አንድ ትልቅ ሳህን አዛችሁ ከመሀል ልትበሉ ብታስቡ አስተናጋጁ ግራ ይጋባል። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ያዛል። ፓስታው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው፤ ሥጋው ቀጥሎ ለብቻው ይመጣል፣ ጎመኑም ለብቻው። ማጉረስ አይከለከልም፣ ነገር ግን ቀይ ስጎ ያለበት ስፓጌቲ ማጉረስ ፍቅር ሳይሆን ጠብ ነው የሚያመጣው። እራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት የሚሰጣችሁ ቤት የቱሪስት ቤት ነው። ስዕል ያለበት ሜኑ በር ላይ ዘርግቶ «ሄሎ! ሄሎ!» የሚላችሁንም ቤት እለፉት። ቲፕ የግድ አይደለም፤ ዳቦው ግን ሳታዙት መጥቶ ሂሳብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ነሐሴ ላይ አትሂዱ። ሙቀቱ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15፣ በእኛ ነሐሴ 9 መሆኑ ነው፣ ፌራጎስቶ የሚሉት ትልቅ በዓላቸው ስለሆነ ሮማዊው ሁሉ ዘግቶ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። የእመቤታችንን ዕርገት እነሱ በልተው በባሕር ሲያከብሩት እኛ ገና የፍልሰታ ፆም መሀል ነን። ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት ይሻላል።

አሁን ወደ መጎብኘቱ። «ግማሹን ተዉት» ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሐበሻ ሮም ውስጥ ሌላው ጎብኚ የማያየው የራሱ መንገድ አለው፣ ለእሱ ጊዜ ይቆጥብ።

ናቮና አደባባይ ላይ በርኒኒ በ1651 የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ። አራት ግዙፍ ሰዎች ጋንጀስን፣ ዳኑብን፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታን እና ናይልን ወክለው ተቀምጠዋል። ናይል ፊቱን በጨርቅ ተከናንቧል፤ ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው። አይታወቅም ለማን? ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግሽ ዓባይ ላይ ቆሞ ምንጩን ያየው በ1618 ነው፤ ፏፏቴው ከማለቁ 33 ዓመት በፊት። እሱም ቢሆን የሄደው ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ነበር፤ የሰከላ እረኛማ ከብቶቹን እዚያው ሲያጠጣ ኖሯል። የነጩ ናይል ነው ካሉ እሺ፣ አልከራከርም። አንዳንድ አስጎብኚ ደግሞ «ፊቱን የሸፈነው የበርኒኒ ተቀናቃኝ ቦሮሚኒ የሠራውን ቤተ ክርስቲያን ላለማየት ነው» ብሎ ያስቃችኋል። ቤተ ክርስቲያኑ የተጀመረው ግን በ1652 ነው። ዓባያችን ትንቢት መናገር ካልጀመረ በቀር ነገሩ አይገጥምም።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ተራመዱና ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ግቡ፤ በነጻ ነው። ካራቫጆ በ1600 ገደማ የሳላቸው የሐዋርያው ማቴዎስ ሥዕሎች እዚያ አሉ። ጨለማ ናቸው፤ ሳጥኗ ውስጥ ሳንቲም ስትጨምሩ መብራት ይበራል፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ሐበሻ የራሱን ሳንቲም ከማውጣቱ በፊት ሌላ ቱሪስት እስኪጨምር ቆሞ መጠበቁ ቁጠባ ነው እንጂ ንፍገት አይደለም። ከሥዕሎቹ አንዱ የማቴዎስን ሰማዕትነት ያሳያል። በምዕራባውያኑ ትውፊት ማቴዎስ የተገደለው በኢትዮጵያ ነው፣ ባንድ ንጉሥ ትእዛዝ። እንግዲህ ሥዕሉ ፊት አፋችሁን ከፍታችሁ ስትቆሙ አጠገባችሁ ያለው ጀርመናዊ ከየት ናችሁ ቢላችሁ ረጋ ብላችሁ መልሱ።

ፓንቴዎን ከዚያ ሩቅ አይደለም። አፄ ሐድሪያን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ነው፤ ጉልላቱ ወርዱም ከወለል እስከ አናቱ ያለው ቁመቱም 43 ሜትር ከ30 ነው፣ አናቱ ላይ ክፍት ቀዳዳ አለው፣ ዝናብም ይገባበታል፤ ወለሉ ውኃ መውረጃ ተሠርቶለታል። ከ2023 ወዲህ በክፍያ ነው የሚገባው። ሰው ሁሉ አንጋጦ ቀዳዳውን ያያል። እናንተ አንጋጣችሁ ስትጨርሱ ግድግዳውን እዩ፤ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ እዚያ ተቀብሯል፤ የአድዋው ዘመን የጣሊያን ንጉሥ። ሚስቱ ንግሥት ማርጌሪታም አብራው ናት፤ ፒዛዋ የምትጠራባት ማለት ነው። ዓለም ሚስትየውን በአይብና በቲማቲም ያስታውሳታል፣ እኛ ባልየውን በየካቲት 23። መቃብር ፊት መሳቅ ነውር ነው፤ ውጡና ሳቁ።

ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው የሚባለው። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የጨረሷቸው ወታደሮች ናቸው። ከተማይቱ ለሽንፈቷ አደባባይ ሰይማ፣ እኛን ደግሞ ከመላው ዓለም ሻንጣችንን እየጎተትን እዚያው ላይ ታሳልፈናለች። ከአደባባዩ ጥቂት ፈንጠር ብሎ መታሰቢያቸው አለ፤ ድንጋዩ የግብፁ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። የለገሃሩን የይሁዳ አንበሳ ፋሺስቶች ነቅለው አምጥተው ያቆሙት እዚህ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘውም እዚህ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ አገሩ ገብቷል። በዚህ ሰፈር ዙሪያ ያሉት የእኛ ምግብ ቤቶች ናቸው፤ አራተኛው ቀን ላይ እንጀራ ያላችሁ እንደ ሆነ አታፍሩ፣ ግቡ።

ከኮሎሲየም ወረድ ብሎ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ። 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ እዚያ ቆሞ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን እመልሳለሁ ብላ ፈረመች፤ ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በ2005 ነው፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን። አበበ ቢቂላ በዚያ በ1960 ሩጫው የመጨረሻውን ፍጥነት የጨመረው እዚህ ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው። ዛሬ አደባባዩ ላይ የምታዩት በአሜሪካው የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ዓምዶችና የሚበር መኪና ነው። ሮም ውስጥ የሌለ ነገር ለማየት የሚኬድበት ቦታ ይኸው ነው። እኔ ከትሬቪ ፏፏቴ አስበልጠዋለሁ።

ትሬቪንም እዩት፣ ግን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከረፋዱ በኋላ የምታዩት የሰው ጀርባና የስልክ ደን ነው። ሳንቲሙ በቀኝ እጅ፣ በግራ ትከሻ ላይ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ሮም ዳግመኛ ያስመጣል ይባላል። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይለቀምና ካሪታስ ለተባለው በጎ አድራጎት ይሰጣል፤ ቪዛውን ግን ካሪታስ አይመታላችሁም። ስፔን ደረጃዎች ላይ አትቀመጡ፤ ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል፣ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። እጃችሁ ላይ ክር አስሮ «አፍሪካ! ወንድሜ! ስጦታ ነው» የሚላችሁ ሰው ወንድማችሁ መሆኑ እውነት ነው፤ ስጦታ መሆኑ ነው ውሸቱ።

ቫቲካን ላይ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አይገባም። ሐምሌ ላይ በር ላይ ቆማችሁ ብታዩ፣ ቁምጣ የለበሰው ፈረንጅ ሁሉ ሻርፕ ፍለጋ ሲራወጥ፣ ነጠላዋን ያጣፋች የሐበሻ ሴትዮ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ነጠላ ያዙ፤ ጥላም ነው፣ ትራስም ነው፣ የመግቢያ ፈቃድም ነው። ጫማችሁን ለማውለቅ ጎንበስ ካላችሁ ግን ተዉት፣ እዚያ አይወለቅም። ሙዚየሙ ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በስተቀር እሁድ ዝግ ነው። ማይክል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 የሳለው የሲስቲን ጣራ ሥር ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ደስ የሚል ክልከላ ነው፣ ሰው ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ በዓይኑ ያያል።

ከቫቲካኑ ባዚሊካ ጀርባ፣ በግንቡ ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ውስጥ ያሳተሙት እዚህ ሆነው ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ጀርመናዊውን ሂዮብ ሉዶልፍን ያገኙት በዚህችው ከተማ ነው፤ ሉዶልፍ በኋላ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሷል። የኢትዮጵያ ኮሌጅ ዛሬም እዚያው ቫቲካን ግቢ ውስጥ ነው። እንደ ልብ የሚገባበት ቦታ አይደለም፤ ከባዚሊካው ጉልላት አናት፣ 551 ደረጃ ወጥታችሁ፣ የአትክልቱን ግቢ ቁልቁል ስታዩ ከዚያው ውስጥ መሆኑን አስቡ። ከእኛ በፊት ሮም የመጡት ሰዎች ፎቶ ሳይሆን መጽሐፍ ነበር ይዘው የሚመለሱት። ይህን የምለው ለማሳፈር ነው፤ አንድ ቀን ስልካችሁን ሆቴል ትታችሁ ብትወጡ ከተማዋ አትጠፋባችሁም።

ኮሎሲየምን ሳላነሳ ብቀር የስድስት ሰዓቱ መካሪ ይፈርድብኛል። ግቡ፤ በ80 ዓመተ ምሕረት ተመርቆ 50,000 ሰው ገደማ ያስተናገደ ሕንፃ ነው፣ ደጅ ላይ የግላዲያተር ልብስ ለብሶ ፎቶ ከሚያስነሳው ሰውዬ ጋር ግን ዋጋ ሳትነጋገሩ አትቁሙ። ትኬቱ የሚሸጠው በስም ነው፣ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ከአንድ ወር ገደማ አስቀድሞ ድረ ገጹ ላይ ይለቀቅና በቶሎ ያልቃል። እዚህ ላይ የእኛ ስም መከራ ነው። ያንዱ ጸጋዬ በሁለት ፊደል ይጀምራል፣ የሌላው በአንድ፤ ባንክ ደብተሩ ላይ ያለው ከመታወቂያው፣ የመታወቂያው ከፓስፖርቱ አይገጥምም፤ የአያት ስም አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ ፓስፖርታችሁን አጠገባችሁ ዘርጉና እንደ ተጻፈው ገልብጡ። የተሳሳተ ፊደል ብታዩበትም እንኳ አታርሙት።